ሠላሳ ሰባት ሟቾች የፈረሙበት መናፈሻ

ሰፈሩ የሚያውቃት «እትዬ ቅጽ» እያለ ነው። ይህን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ የሚሉ ሦስት ሰዎች አሉ። ሦስቱም ውሸታቸውን ነው፤ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። የልብስ ስፌት ሱቄ ከባዶው መሬት ፊት ለፊት ስለሆነ፣ እግሯ ሲዝል የምታርፈው እኔ ዘንድ ነው። ጫማዋን አውልቃ የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ ትልና፣ ያን ጎኑ የተቀደደ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቅጾቿን በየቤት ቁጥራቸው ትደረድራለች። ቦርሳውን ሦስት ጊዜ ሰፍቼላታለሁ። አንድ ቀን «እትዬ፣ አንቺ እኮ ስትሞቺ የምትቀበሪው በሦስት ቅጂ ነው» ብላት፣ «አራተኛው ቅጂ ላንተ ይሰጥልኛል» አለችኝ፣ ቀና እንኳን ሳትል።

ሥራዋ መጠየቅ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ነገር ሊሠራ ሲያስብ፣ ወይም ያሰበ መምሰል ሲያምረው፣ እሷን ይልካል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በር እያንኳኳች «ምን እንዲሠራላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ስትል ኖራለች። የጠየቀችው ሁሉ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ሰፈራችን ሁለት ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ክሊኒክና ከዳር እስከ ዳር የሚበራ መንገድ ይኖረው ነበር። ያለን አንድ ቦኖ ነው፤ እሱም ቧንቧው ከተተከለ በኋላ ውሃው የደረሰው በአራተኛው ዓመት ነው። ሰዉ ደግሞ የሚናደደው በእሷ እንጂ በማዘጋጃ ቤቱ አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤቱ በር አያንኳኳማ። ገና ቦርሳዋን ሲያዩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሏታል። እሷም «ስለ ላሟ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት፤ ጥቁሯ ትሁንላችሁ ቀይዋ?» ብላ ብዕሯን ታወጣለች።

ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ሲቀራት የመናፈሻው ጉዳይ መጣ።

ባዶው መሬት የፈረሰ ቤት ድንጋይ የሚደፋበት፣ ጭነት መኪኖች የሚያድሩበት ቦታ ነበር። ሾፌሮቹ ጎማ ሥር ተኝተው ይጠግናሉ፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ ሕፃናቱ ያን ዘይት እየረገጡ ኳስ ይጫወታሉ። ይህን ቦታ መናፈሻ ለማድረግ ግማሹን ገንዘብ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ግማሹን አንድ ረጂ ድርጅት ሊያወጡ ተስማሙ። ድርጅቱ ግን ነዋሪው ራሱ ካልጠየቀ ገንዘቤን አልለቅም አለ። ቢያንስ ሁለት መቶ አሥር አባወራዎች ምን እንደሚፈልጉ በቅጽ ተናግረው መፈረም አለባቸው፤ ያውም የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ። ካልሆነ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰፈር ይዞራል፣ መሬቱም በሕግ የጭነት መኪና ማቆሚያ ይሆናል።

«ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር» አለችኝ ያን ሰሞን፣ እግሯን እያሸች። «አንድ ነገር ብቻ ጠይቄ፣ ሲሠራ ልየው። ከዚያ ወዲያ የራሴን በርም ቢሆን አላንኳኳም።»

የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆንኩ አትጠይቁኝ፤ ስብሰባ የቀረ ሰው ነው የሚመረጠው። ንድፉን ሊያሳየን የመጣው ልጅ እግር ባለሙያ ሥዕሉን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። አረንጓዴ ክብ ክብ ነገር ሞልቶታል። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ተነሡና «ጎመኖቹን ማን ነው የሚያጠጣቸው?» አሉ።

«ዛፎች ናቸው አባቴ። ከላይ ሲታዩ እንደዚያ ነው።»

«እኔ ከላይ አላያቸውም። ከሥር ነው የምቀመጠው። ከሥር ሲታዩ ያለውን አምጣ።»

ልጁ ከሥር ሲታዩ ያለውን አላመጣም ነበር። ስብሰባው በዚህ ተበላሸ። አንዱ ኳስ ሜዳ አለ፣ አንዱ አጥር አለ፣ አንዷ ሽንት ቤት ስትል ወንዶቹ ሳቁባት። ሰብሳቢያችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተርቶ ጨረሰ፤ እኔም አንበሳው ማን እንደሆነ ሳይገባኝ ቃለ ጉባኤውን ዘጋሁ። በማግስቱ እትዬ ቅጽ ቦርሳዋን አንግታ ከመጀመሪያው ቤት ጀመረች።

ስሕተቱ የተሠራው እዚያ ላይ ነው። ማን ሠራው ቢባል፣ ሁላችንም።

ቅጹ አናት ላይ «የአባወራው ስም» ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ስሙ ከቤቱ ማህደር ጋር አንድ ካልሆነ ቅጹ ዋጋ አይኖረውም» የሚል አለ። በሰፈራችን ደግሞ ባል ሲሞት ይቀበራል እንጂ ከማህደር አይወጣም። ማን ያወጣዋል? ማውጣት ማለት ማስረጃ ነው፣ ምስክር ነው፣ ሰልፍ ነው። ከሁሉም በላይ «ድርሻዬን» የሚል ዘመድ ማስነሣት ነው። ስለዚህ ሟቹ ማህደሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቤቱን ይጠብቃል። መብራቱም ውሃውም የሚከፈለው በስሙ ነው።

አንድ ቅዳሜ ቅጽ ስታስሞላ አብሬያት ዞርኩ። ጥጉ ላይ ካለችው አንዲት ክፍል ቤት የሚኖሩት አሮጊት እማማ ዳኛ ይባላሉ፤ ቦኖው ላይ ጠብ ሲነሣ የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን አገላበጡት።

«ማን ብዬ ልጻፍ?»

«ማህደሩ ላይ ያለውን፣ እማማ።»

«እሱማ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ።»

«ማህደሩ ላይ አልሞቱም።»

እማማ ዳኛ በመነጽራቸው አናት አዩዋት። «እንግዲያ በእሱ ስም ልፈርም?»

እትዬ ቅጽ ያን ቀን ሃያ ሦስት ቤት አንኳኩታ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ለአንድ አፍታ ጨፍና፣ «ይፈርሙ» አለች። ከዚያም ዋናውን ጥያቄ አነበበችላቸው፦ መናፈሻው ምን እንዲኖረው ይፈልጋሉ?

«እሱ ኳስ ይወድ ነበር» አሉ እማማ ዳኛ። «ኳስ ሜዳ ብለሽ ጻፊ።»

«እርስዎስ?»

«ፈራሚው እሱ አይደል እንዴ? የጠየቃችሁት እሱን ነው።»

ሁሉም እንዲሁ ሆነ። በሰፈራችን ሠላሳ ሰባት ሟቾች ሐሳባቸውን ሰጡ። ሟቾቹ ኳስ ሜዳ፣ የዳማ ጠረጴዛ፣ ጋዜጣ የሚነበብበት ቦታ ጠየቁ። ንድፍ አውጪው ልጅ ውጤቱን ሲያይ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች እንዲህ ኳስ መውደዳቸው ገርሞት ሜዳውን ሰፋ አደረገው። ከሠላሳ ሰባቱ አንዱ የእትዬ ቅጽ ባል ነበር። መካኒክ ነበር፤ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። በስሙ የፈረመችለት ራሷ ናት፤ ዛፍ ሥር የዳማ ጠረጴዛ ጠይቃለታለች።

ሁለት መቶ ሃያ ሰባት ቅጽ አስገባች። ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ።

ሱቄ ስትገባ ጫማዋን አላወለቀችም። ደብዳቤውን የስፌት መኪናዬ ላይ፣ ከምሰፋው ሱሪ አጠገብ አስቀመጠችው። የማጣራት ክፍሉ ቅጾቹን ከመቃብር መዝገብ ጋር አስተያይቶ ሠላሳ ሰባት ሟቾች አግኝቷል። የቀረው መቶ ዘጠና ነው፤ ሃያ ይጎድላል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ፊቷን አየሁ፣ ከዚያ ጮህኩ።

«ማህደሩን የያዙት ራሳቸው አይደሉም እንዴ! ሲሞት ያልሰሙ፣ ሲፈርም ነቁ?»

«አትጩህ» አለችኝ። «ራሴን ያመኛል።»

ደብዳቤው አንድ መውጫ ትቷል። ሚስቶቹ በአሥር ቀን ውስጥ በራሳቸው ስም መፈረም ይችላሉ። ግን እያንዳንዷ የባሏን የሞት ማስረጃ ከቅጹ ጋር ታያይዛለች፤ ማስረጃውም በዚያው ወደ ቤቱ ማህደር ይገባል። አያችሁ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ ወረቀት ማህደሩ ውስጥ የገባ ቀን ወራሽ ሁሉ ይነቃል።

በዚያው ከሰዓት በኋላ የመተኮሻ ጠረጴዛዬን ጠርገን ሠላሳ ሰባቱን ቅጽ ዘረጋን። በዚህ ሰፈር ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም፤ ሱሪ እየተለካ የማይወራ የለማ። በአንድ ወገን ባል የሞተባት መሆን የምትችለውን፣ በሌላ ወገን የማትችለውን እንለያለን። ይቺ ልጆቿ ውጭ ናቸው፣ ማንም አይነካትም፤ ትችላለች። ይቺ የባሏ እህት ጠበቃ ይዛ ነው የምትጠብቃት፤ አትችልም። እማማ ዳኛ ጋ ደረስን። ባላቸው ከፊተኛዋ ሚስታቸው የወለዷቸው ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ፤ አባታችን ከማህደር የወጣ ቀን ክፍሏን እንሸጣለን ብለው በሰው ፊት ተናግረዋል። እማማ ዳኛ ከዚያች ክፍል ሌላ የሚገቡበት የላቸውም። ቅጻቸው ከማይችሉት ጋር ሄደ።

የሚችሉት አሥራ ዘጠኝ፣ የማይችሉት አሥራ ሰባት ሆኑ። ሠላሳ ሰባተኛውን ቅጽ እትዬ ቅጽ ከሁለቱም ወገን አላስቀመጠችውም። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አየኋት፤ ያየሁ አልመሰልኩም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የምትኖርበት ቤት የባሏ አባት ለሁለት ወንዶች ልጆቹ የተወው ነው። ታላቅየው ግንበኛ ነው፤ ታናሹ ሲያገባ «አንተ በሕይወት እስካለህ ድርሻዬን አልጠይቅህም» ብሎ ቃል ገባለት። ታናሹ ሞተ። ታላቁ ቀበረው፣ አለቀሰ፣ ሰባት ዓመትም አፉን አልከፈተም። አሁን ከጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች የእትዬ ቅጽ ልጅ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ከአሥሩ ቀን በሦስተኛው እትዬ ቅጽ ወደ ታላቅየው ሄደች።

«ምን አለሽ?» አልኳት ስትመለስ።

«ጋሼ መቼም አይዋሽም። 'ወንድሜ ወረቀቱ ላይ አለ፤ እሱ እስካለ ቃሌ ቃል ነው' አለኝ። 'ከወረቀቱ ያወጣሽው ቀን ግን ሜትር ይዤ እመጣለሁ። ሦስቱም ልጆቼ ተከራይ ናቸው፤ አንቺም ታውቂያለሽ' አለ።»

«ጨካኝ።»

«የምን ጨካኝ? እውነቱን ነው። ወንድሙን አንድ ቀን እንኳን 'ሟቹ' ብሎ አያውቅም።» ወንበሩ ላይ ተለጥጣ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። «አሥራ ዘጠኙን ልጨርስና፣ ሃያኛዋን እግዜር ያውቃል።»

ስድስት ቀን ዞረች። ጉልበቷን በጨርቅ አሰረችው፤ ጨርቁን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ከገበር የተረፈ። አንዷ ማስረጃውን ከሣጥን ስታወጣ ባሏ ዛሬ የሞተ ይመስል አለቀሰች፣ እትዬ ቅጽም አብራ ቁጭ አለች። ሌላዋ ሁለት ጊዜ ቀጥራ ሁለት ጊዜ ጠፋች፤ በሦስተኛው ገበያ ላይ ይዛት ቅርጫት ላይ አስፈረመቻት። አንዷ ደግሞ በር ሳትከፍት «ሞቷል ብዬ ከምፈርም አልጋው ላይ ተኝቷል ብል ይሻለኛል» አለቻት፤ በማግስቱ ግን ራሷ መጣች። የሚገርመው መልሱ ነው። በየራሳቸው ስም ሲጠየቁ ከአንዷ በስተቀር ኳስ ያለች የለችም። ሽንት ቤት፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ። መብራት። ልጅ ያዘለች ሴት የምትቀመጥበት ቦታ። አንዷ «እኔን? እኔን ነው የምትጠይቂኝ?» ብላ ሦስት ጊዜ ካረጋገጠች በኋላ «አበባ፤ የማይበላ ነገር» አለች።

በአሥረኛው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሱቄ መጥታ ቅጾቹን ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ። ቢሮው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

እዚህ ላይ የእኔን ጥፋት ልናገር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጠዋት አንዲት ደንበኛ ስለ መናፈሻው ብትጠይቀኝ «አንድ ጎደለ፤ በአንድ ሰው ልንበላ ነው» ብያት ነበር። ወሬው በቦኖው በኩል አለፈ መሰለኝ፣ እትዬ ቅጽ ቆጥራ ሳትጨርስ እማማ ዳኛ በር ላይ ቆሙ። የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ የባላቸውን የሞት ማስረጃና መታወቂያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል።

«አንድ ጎደለ አሉ» አሉ። «እኔ ልሁን።»

«እማማ፣ ልጆቹስ?» አልኩ።

«ልጆቹ ይምጡ። ዘላለም አልኖር። የዚህ ሰፈር ሕፃን ዘይት እየረገጠ ሲያድግ እያየሁ፣ እኔ የሞተ ሰው ጀርባ ተሸሽጌ ልቅር?» ድምፃቸው ደፋር ነበር። ላስቲኩን ግን ይፈቱታል፣ መልሰው ይጠቀልሉታል። «ስጪኝ ልጄ፣ የት ላይ ነው የምፈርመው?»

እትዬ ቅጽ ማስረጃውን ተቀብላ አነበበችው። አንድ ገጽ ነው፤ መጽሐፍ የምታነብ ያህል ቆየች። ከዚያ መልሳ በላስቲኩ ጠቀለለችውና እጃቸው ላይ አኖረችው።

«ቁጥሩ ሞልቷል፣ እማማ።»

«ምን?»

«ሞልቷል። አንዷ ቅድም ፈረመች።»

«ማናት?»

«አያውቋትም።»

«እዚህ ሰፈር እኔ የማላውቃት አለች?»

«አለች» አለች እትዬ ቅጽ።

እማማ ዳኛ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መርፌ ላይ ክር እሰካ ነበር፤ አልገባልኝም። እንዲህ ከሆነ ጥሩ ነው አሉ፤ ለይስሙላም ጥቂት ተቆጡ፣ ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ አስኬዳችሁኝ ብለው። ሲወጡ ግን እንደ መጡት አልነበሩም፤ ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ነው የወረዱት።

እትዬ ቅጽ በሩን ገፋ አደረገችው። ከቦርሳዋ አንድ ባዶ ቅጽና አንድ ያረጀ ማስረጃ አወጣች። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው ስትዞር ነበር።

«ብዕር አለህ?»

«እትዬ፣ ልጅሽስ? የልጅ ልጆችሽስ?»

«ብዕር አለህ ወይ ነው ያልኩህ። ሠራተኛ የራሱን ቅጽ አይሞላም፤ የኮሚቴ አባል መጠየቅ አለበት። ጠይቀኝ።»

ብዕር ፈለግሁ። ጠመኔ እንጂ ብዕር ጠረጴዛዬ ላይ አይገኝም፤ የራሷን ሰጠችኝ። የቤት ቁጥሩን ነገረችኝ። ስም ስላት የራሷንም የአባቷንም ተናገረች። አሥራ አምስት ዓመት ስናወራ ኖረን የአባቷን ስም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«የጋብቻ ሁኔታ?»

«ታውቀዋለህ።»

«ቅጹ አያውቀውም።»

«ባሏ የሞተባት» አለች። ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ነበር የምትመስለው። እኔም ጻፍኩ፤ እጄ ከዚያ የተሻለ ፊደል ጽፎ አያውቅም።

«መናፈሻው ምን እንዲኖረው ይፈልጋሉ?»

ቀና ስል ወደ መስኮቱ ነው የምታየው። ባዶው መሬት ላይ አንድ ጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ነበር፣ ረዳቱ ጎኑን በእጁ እየመታ ይመራዋል።

«ዝለለው» አለች።

«ባዶ ከሆነ ይመልሱታል። ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እንግዲያ ሌሎቹ ያሉትን ጻፍ።»

«ሌሎቹን አልጠየቅኩም! አንቺን ነው የጠየቅኩት!» ጮህኩባት። እኔ ቁጡ ነኝ፣ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ግን ያን ቀን የጮህኩት በእሷ ላይ አልነበረም። በማን ላይ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም። እንባዋ መጣ። «ስንቱን ሰው ተቆጥቻለሁ መሰለህ፣ 'የመጣው ይምጣ፣ ደስ ያለሽን ጻፊ' ሲለኝ። ሰነፎች ይመስሉኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ስጠይቅ እንዲህ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር።»

ጠበቅኋት። ሰዓቱን እያየሁ ጠበቅኋት።

«መቀመጫ» አለች በመጨረሻ። «መደገፊያ ያለው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ጀርባዬን ነው የደከመኝ።»

«እግርሽን ይመስለኝ ነበር።»

«እግሬንማ ለመድኩት።»

ቅጹን አዙሬ ሰጠኋት። ከታች «ጠያቂ» በሚለው ላይ ስንት ሺህ ጊዜ ፈርማለች፤ ያን ቀን ግን ከላይኛው መስመር ላይ ብዕሩን አስቀምጣ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ፈረመች። ማስረጃውን ከሥሩ አያያዘች፣ ሃያዎቹን ቅጾች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ጫማዋን አጠለቀች። ታክሲ ያዢ ብላት «አሁን ምን ቸኮልኩ» ብላ በእግሯ ሄደች። በር ላይ ቆማ «ለማንም አትናገርም» አለችኝ። በልጆቼ አስማለችኝ።

ገንዘቡ ተለቀቀ። ጭነት መኪኖቹ ተነሡ፣ ድንጋዩ ተጠረገ፣ ንድፍ አውጪው ልጅም ሜዳውን አሳንሶ አዲስ ሥዕል ይዞ መጣ፤ ዛፎቹ አሁንም ጎመን ይመስላሉ። ጋሼም ቃሉን ጠበቀ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሜትር ይዞ መጣ፤ ግቢው መሐል ቆሞ ወንድሙን ጠርቶ አለቀሰና ለካ። ግድግዳውን ራሱ ገነባው፣ በብሎኬት፣ ከበሩ እስከ ጓሮው። ልጅቷ ከነልጆቿ ወደ ፊተኛዋ ክፍል፣ ወደ እናቷ ገባች። አራት ሰው በአንድ ክፍል። ለአንድ ወር ያህል እናቷን አላነጋገረቻትም፤ ሳህን ስታቀብላት እንኳን ፊቷን አዙራ ነበር። እትዬ ቅጽም ጡረታዋን ወጣች። መናፈሻው መሬት ተቆፍሮ ሲጀመር እንኳን አልመጣችም። ልጠራት ብሄድ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ልብሷን እንደለበሰች ተኝታለች፤ የልጅ ልጆቿ በዙሪያዋ ይጮሃሉ፣ እሷ አትሰማም።

ሰፈሩ መቼም አይምርም። ቢሮ የምትሠራ ሰው ማህደሯን ሳታስተካክል ኖራ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል። ለምን አሁን ፈረመች? ምን ቸገራት? ቁጥሩ ሞልቶ የለም እንዴ? ይህን ሱቄ ውስጥ፣ ሱሪ እየለካሁላቸው ይሉኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልኬን እጽፋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ እማማ ዳኛ መጡ። የሚሰፋ አልያዙም። እሷ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቁፋሮውን በመስኮት እያዩ ብዙ ቆዩ። በእትዬ ቅጽ ቤት በኩል ነው የመጡት፤ ብሎኬቱን አይተውታል።

«አንተ ልጅ» አሉኝ። «ያን ቀን ቁጥሩ ሞልቶ ነበር?»

መኪናዬን አላቆምኩም። «ሞልቶ ነበር፣ እማማ።»

«ቀና ብለህ እየኝ።»

ቀና አልኩ።

«በእናትህ?»

«በእናቴ» አልኳቸው።